ክለቡ የማን ነው?

(ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

ከኋላ የቆማችሁት ትንሽ ቀረብ በሉ፤ ድምፅ ማጉያው እንደምትሰሙት ብዙም አያስተማምንም።

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። የአርሴናል ደጋፊ የሆናችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ። ማንቸስተርስ? በቃ በቃ፣ ገብቶኛል! ባርሴሎናና ሪያል ማድሪድ? ጥሩ። አሁን ደግሞ የኤይባር ደጋፊ የሆነ እጁን ያውጣ። ማንም የለም። እንዲያውም አንዳንዶቻችሁ "ኤይባር ደግሞ ምንድን ነው?" እየተባባላችሁ ነው።

ኤይባር ስፔን ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የከተማዋ ክለብም በእርሷ ስም ይጠራል። ዋንጫ በመሰብሰብ የሚታወቅ ክለብ አይደለም። ታዲያ ለምን መረጥኩት? የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፤ የምሠራውም ማኅበራዊ ሥራ ነው። በሥራዬ በየቀኑ የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰዎች ተባብረው አንድ ነገር የሚያቆሙት እንዴት ነው? ያቆሙትስ ነገር በምን ምክንያት ይፈርሳል? ይህን ጥያቄ በደንብ ከሚያስረዱ ታሪኮች አንዱ የኤይባር ታሪክ ሆኖ ስላገኘሁት ነው ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ

ኤይባር ያለችው በሰሜን ስፔን፣ የባስክ ሕዝብ በሚኖርበት ክልል ነው። ቢልባኦና ሳን ሴባስቲያን በሚባሉ ሁለት ትላልቅ ከተሞች መካከል፣ ከሁለቱም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የሕዝቧ ቁጥር 27,000 ያህል ነው። ተራሮች ከግራና ከቀኝ የጨመቁት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስለተሠራች ሜዳማ መሬት ብርቅ ነው። ዳገቱ ከመብዛቱ የተነሣ አንዳንዱ መንገድ ላይ ለእግረኛ ተብሎ አሳንሰርና በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ደረጃ ተተክሏል። ፎቆቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ ይመስላሉ። የክለቡ ስታዲየም ኢፑሩዋ ይባላል። ከስታዲየሙ አጠገብ ያሉ ፎቆች ላይ የሚኖሩ ሰዎች ከሰገነታቸው ላይ ሆነው ጨዋታውን ያያሉ። ትኬት የማያስፈልገው ስታዲየም ማለት ይህ ነው!

የከተማዋ ሰዎች በምን ይተዳደራሉ? ኤይባር ለመቶዎች ዓመታት የታወቀችው በብረት ሥራ፣ በተለይም ጠመንጃና ሽጉጥ በመሥራት ነው። ዛሬም የክለቡ ቅጽል ስም "ሎስ አርሜሮስ" ነው፤ ጠመንጃ ሠሪዎቹ እንደማለት ነው።

በ1918 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አበቃ። ጦርነት ሲያበቃ ዓለም ደስ ይለዋል፤ በጠመንጃ ለሚተዳደር ከተማ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ገዢ ጠፋ፣ ሥራ ቀዘቀዘ። በ1920፣ ከአንድ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ፣ የተወሰኑ ሠራተኞች ተሰባስበው አልፋ የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። መጀመሪያ ላይ የሚሠሩት ያንኑ የጦር መሣሪያ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ግን ወደ ልብስ ስፌት መኪና ዞሩ። እኛ አገር ሲንጀር እንደምንለው ማለት ነው። በ1840 በጠመንጃ ሥራ የተቋቋመው ኦርቤያ የሚባል ፋብሪካም ወደ ብስክሌት ዞረ። ይህ ፋብሪካ ከ1969 ጀምሮ የሠራተኞቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆኗል፤ በብስክሌቶቹም ዓለም ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አስተውሉ። የጠመንጃ አፈሙዝ የሚሰረስር እጅ የብስክሌት ቱቦ መሥራት አያቅተውም። ሙያው ያው ነው፤ የተለወጠው ሙያው የዋለበት ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች የነበራቸው ትልቁ ሀብት ፋብሪካው ራሱ አልነበረም። ሥራ ሲጠፋ ተቀምጠው "አሁን ምን እናድርግ?" ብለው አብረው መምከር መቻላቸው ነበር። ይህን ነጥብ አትርሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከፍርስራሽ የተነሣ ክለብ

በ1936 ስፔን ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ኤይባር ለወራት የጦር ግንባር ነበረች። በኤፕሪል 1937 በአውሮፕላን ተደብድባ የከተማዋ ብዙ ክፍል ፈረሰ። ጦርነቱ በ1939 ሲያበቃ አገሩ ድህነት ውስጥ ነበር፤ ምግብም የሚገኘው በራሽን ነበር።

ክለቡ የተመሠረተው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። በኖቬምበር 30 ቀን 1940 ዲፖርቲቮ ጋሎና ዩኒዮን ዲፖርቲቫ ኤይባሬሳ የሚባሉ ሁለት የከተማዋ ቡድኖች ተዋህደው ኤይባርን ፈጠሩ።

"ቤት ፈርሶ፣ ዳቦ ጠፍቶ፣ ሰው እንዴት ኳስ ያምረዋል?" ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ሰው ከመከራ ሲወጣ የሚያስፈልገው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝበት ምክንያትም ያስፈልገዋል። በተለይ ወንድም ከወንድሙ ከተዋጋበት ጦርነት በኋላ። ስለ ፖለቲካ ማውራት በሚያስፈራበት ዘመን ስለ እሁዱ ጨዋታ ማውራት ይቻላል። አንድ ሜዳ ዙሪያ መቆም፣ አንድ ጎል ሲገባ አብሮ መጮህ ይቻላል። እኛም አገር ለቅሶ ቤት የሚመጣው ሰው ሟቹን አያስነሣም፤ የሐዘንተኛውን ቤት ግን በሰው ይሞላል። የኤይባር ሜዳም ለከተማዋ ሰዎች እንደዚያ የሆነ ይመስለኛል።

ኢፑሩዋ ስታዲየም በ1947 ተከፈተ። ክለቡ በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን አደገ፣ ቆይቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ቆየ። በ1988 እንደገና ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲወጣ ግን እስከ 2006 ድረስ ለ18 ተከታታይ የውድድር ዘመናት ሳይወርድ ቆየ። አስቡት፣ 18 ዓመት! ትልልቅ ከተሞች ያሏቸው ክለቦች ሲወጡና ሲወርዱ ይህ የጠባብ ሸለቆ ቡድን ባለበት ጸና።

እንዴት ቻለ? ከአቅሙ በላይ ባለመዝለል። ተጫዋች በውድ ከመግዛት ይልቅ ከትልልቅ ክለቦች ወጣቶችን በውሰት ይወስድ ነበር። በውሰት ከመጡት አንዱ በ2000 ከሪያል ሶሲዳድ የተላከው ዣቢ አሎንሶ ነው። ሌላው በ2004 ከቫሌንሲያ የመጣው ዴቪድ ሲልቫ ነው። ሁለቱም ያኔ ገና ልጆች ነበሩ። በ2010 ስፔን የዓለም ዋንጫን ስታነሣ ሁለቱም ቡድኑ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ በዓለም ዋንጫው ላይ የትንሿ ኤይባርም እጅ አለበት ብንል አናጋንንም።

ያልተጠበቀው ችግር

ክለቡ በ2009 ወደ ሦስተኛው እርከን ወርዶ አራት ዓመት ቆየ። በ2013 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ተመለሰ። በተመለሰበት ዓመት፣ በጋይዝካ ጋሪታኖ አሰልጣኝነት፣ ከ4 ሚሊዮን ዩሮ በማይበልጥ በጀት ሁሉንም በልጦ በሜይ 25 ቀን 2014 አላቬስን 1 ለ 0 በማሸነፍ ወደ ላሊጋ አለፈ። በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ነው። ሜሲና ሮናልዶ ወደሚጫወቱበት ውድድር! በዚያን ጊዜ የባርሴሎናው ካምፕ ኑ ስታዲየም 99,000 ያህል ሰው ይይዝ ነበር። የኤይባር ሕዝብ ከሕፃን እስከ አዛውንት ተሰብስቦ ቢገባ ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለውን ብቻ ነው የሚሞላው።

ከተማዋ በደስታ ሰከረች። ደስታው ሳይበርድ ግን አንድ ደብዳቤ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ተደፋባት። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1999 የወጣ አንድ የስፔን ደንብ አለ። ደንቡ አንድ ክለብ የተመዘገበ ካፒታሉ የሁለተኛው ዲቪዚዮን ክለቦች አማካይ ወጪ 25 በመቶ መሆን አለበት ይላል። የኤይባር ካፒታል 422,000 ዩሮ ያህል ነበር። ደንቡን ለማሟላት ተጨማሪ 1.7 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ያስፈልገው ነበር፤ ያውም እስከ ኦገስት 6 ቀን 2014። ካላሟላስ? ላሊጋ መግባቱ ይቅርና ወደ ሦስተኛው እርከን ይወርዳል።

አስገራሚው ነገር ምን መሰላችሁ? ኤይባር ዕዳ አልነበረበትም። አንድም ዩሮ! ደንቡ የወጣው ክለቦች በዕዳ እንዳይዘፈቁ ለመከላከል ነው። በዚያን ጊዜ ስፔን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ዕዳ ያለባቸው ትልልቅ ክለቦች ነበሩ። እነርሱን ደንቡ አልነካቸውም፤ ካፒታላቸው በወረቀት ላይ ትልቅ ነበራ። የተነካው በአቅሙ የሚኖረው ድሃው ክለብ ነው። በእኛ አባባል "ጥጃ ጠባ ሆድ ገባ" ብሎ የሚተወው አልነበረም፤ ያለዕዳ የቆየበት ጥንቃቄ ራሱ ትንሽ አስመስሎት አስጠየቀው።

ሁለት አማራጭ ነበረው። አንደኛው ቀላሉ ነው፤ አንድ ባለሀብት ፈልጎ ክለቡን መሸጥ። አንድ ሀብታም በአንድ ቀን ቼክ ጽፎ ችግሩን ይፈታዋል። የክለቡ ፕሬዚዳንት አሌክስ አራንሳባልና ባልደረቦቹ ግን ይህን አልፈለጉም። ለምን? ክለቡን በአንድ ቀን የገዛ ሰው በአንድ ቀን ሊሸጠውም ይችላላ።

ሁለተኛው አማራጭ ከባድ ነው፤ ለሕዝብ አክሲዮን መሸጥ። "ኤይባርን ተከላከሉ" የሚል ዘመቻ ጀመሩ። አነስተኛው ድርሻ 50 ዩሮ ሆነ። ከፍተኛው ደግሞ 100,000 ዩሮ ላይ ተገደበ። ይህ ጣሪያ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ገንዘብ አጥቶ ቀን እየቆጠረ ያለ ክለብ "ከዚህ በላይ ከአንድ ሰው አልቀበልም" ሲል አስቡት! ክለቡ የአንድ ሰው እንዳይሆን ነው።

የከተማዋ ሰው አዋጣ። በውሰት ተጫውተው የሄዱት አሎንሶና ሲልቫም ዘመቻውን ደገፉ። ወሬው በጋዜጣና በኢንተርኔት ሲሰማ ኤይባር የት እንዳለች በካርታ ላይ ማሳየት የማይችሉ ሰዎች ሳይቀሩ 50 ዩሯቸውን ላኩ። ከ40 በላይ ከሆኑ አገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ባለ አክሲዮን ሆኑ። ቀነ ገደቡ ከመድረሱ በፊት፣ በጁላይ ውስጥ፣ የተፈለገው ገንዘብ ሞላ።

በኦገስት 24 ቀን 2014 ኤይባር የመጀመሪያውን የላሊጋ ጨዋታ በሜዳው አደረገ። ተጋጣሚው የዚያው አውራጃ ትልቁ ክለብ ሪያል ሶሲዳድ ነበር። ሃቪ ላራ በቅጣት ምት ጎል አገባ፤ ኤይባር 1 ለ 0 አሸነፈ። የሰገነቱ ተመልካቾች ያን ቀን እንዴት እንደጮኹ መገመት አያቅታችሁም።

ሁለት ዓይነት ካፒታል

አሁን ትንሽ ወደ ትምህርቴ ልመልሳችሁ፤ አትደንግጡ፣ ፈተና የለውም።

ካፒታል ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ገንዘብን ነው። የማኅበረሰብ ሳይንስ ሰዎች ግን "ማኅበራዊ ካፒታል" የሚሉት ሌላ ዓይነትም አለ። በሰዎች መካከል ያለ መተማመን፣ መተዋወቅ፣ "ዛሬ ብረዳው ነገ ይረዳኛል" የሚል እምነት ማለት ነው። ሮበርት ፑትናም የሚባል አሜሪካዊ ምሁር የጣሊያንን ክልሎች ለረጅም ጊዜ አጥንቶ በ1993 መጽሐፍ አሳተመ። አንዳንዱ ክልል መንግሥታዊ ሥራው የተቃና፣ አንዳንዱ ደግሞ የተበላሸ የሆነው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ካገኛቸው መልሶች ዋናው፣ ሰዎች በኳስ ክለብ፣ በመዝሙር ጓድና በመሳሰሉት ማኅበራት የሚገናኙበት ክልል የተሻለ ይሠራል የሚል ነው። የመዝሙር ጓድ ለመንገድ ሥራ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። አብሮ የዘመረ ሰው ይተዋወቃል፤ የሚተዋወቅ ሰው ይተማመናል፤ የሚተማመን ሰው መንገዱም ሲበላሽ አብሮ ይጮሃል። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን እኛ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገንም። ዕድር ምንድን ነው? ዕቁብስ? ደቦስ? ባስኮችም የራሳቸው ደቦ አላቸው፤ በቋንቋቸው "አውሶላን" ይባላል፣ የጎረቤት ሥራ ማለት ነው። መንገድ ሲበላሽ ወይም የጋራ ነገር ሲፈርስ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ያለ ክፍያ ይሠራል።

አሁን የኤይባርን ችግር በዚህ ዓይን እዩት። ደንቡ የጠየቀው የመጀመሪያውን ካፒታል ነበር። ከተማዋ ያላት ሁለተኛውን ነበር። በ1920 ሥራ ሲጠፋ የተሰበሰበ፣ በ1940 በፍርስራሽ ላይ ክለብ ያቆመ፣ ለ18 ዓመት በአቅሙ መኖርን የተማረ ሕዝብ ነው። ሁለተኛው ካፒታል በችግር ጊዜ ወደ መጀመሪያው ተመነዘረ። ተቃራኒው ግን አይሠራም። መተማመን በገንዘብ አይገዛም። ችግር ከመጣ በኋላም "ኑ እንተማመን" ቢባል ጊዜው ያለፈ ነው፤ ቀድሞ መጠራቀም አለበት።

ታሪኩ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም

እንደ ተረት "ከዚያም በደስታ ኖሩ" ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው የላሊጋ ዓመት ኤይባር በግማሽ ዓመት 27 ነጥብ ሰብስቦ ሁሉን አስደነቀ። በሁለተኛው ግማሽ ግን 8 ነጥብ ብቻ አገኘ። በመጨረሻው ቀን ኮርዶባን 3 ለ 0 ቢያሸንፍም በ35 ነጥብ 18ኛ ሆኖ የመውረጃው ቀጠና ውስጥ ቀረ። አሰልጣኙ ጋሪታኖም ኃላፊነቱን ወስዶ ለቀቀ። ቀጥሎ የሆነውን ስሙ። 13ኛ ሆኖ የጨረሰው ኤልቼ የሚባል ክለብ ባልከፈለው ዕዳ ምክንያት እንዲወርድ ተወሰነበት። በእርሱ ፈንታ ኤይባር ላሊጋ ውስጥ ቀረ። በ2014 ዕዳ ሳይኖርበት ሊወርድ የነበረው ክለብ፣ በ2015 ዕዳ ስላልነበረበት ተረፈ። ዕድል ነው? አዎ፣ ዕድል አለበት። ግን ዕዳ ቢኖርበት ኖሮ ዕድሉ ቢመጣም አይጠቅመውም ነበር።

ከዚያ ሆሴ ልዊስ ሜንዲሊባር አሰልጣኝ ሆኖ ስድስት ዓመት ቆየ። በ2017/18 ክለቡ 9ኛ ሆነ። በኖቬምበር 24 ቀን 2018 ሪያል ማድሪድን በኢፑሩዋ 3 ለ 0 አሸነፈው። የማድሪድ ደጋፊዎች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ታሪክ ነው፣ መዝለል አልችልም!

እህቶቼ፣ ይህን ደግሞ ለእናንተ ነው። በ2016 የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆና የተመረጠችው አማያ ጎሮስቲሳ የምትባል ሴት ናት። ሪያል ማድሪድ የተሸነፈው፣ ክለቡ በላሊጋ ውስጥ የቆየባቸው አብዛኞቹ ዓመታትም ያለፉት በእርሷ ጊዜ ነው። የክለቡ የሴቶች ቡድንም በ2020 ወደ ከፍተኛው ሊግ አድጓል። በ2022 ወርዶ በ2023 ተመልሷል። "ኳስ የወንድ ነው" የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን ንገሩት።

በ2021 ግን ኤይባር የመጨረሻ ሆኖ ከላሊጋ ወረደ፤ ከሰባት የውድድር ዘመን በኋላ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ለመመለስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በሜይ 29 ቀን 2022፣ በመጨረሻው ጨዋታ፣ አልኮርኮንን ካሸነፈ በቀጥታ ያልፋል። አልኮርኮን ደግሞ ቀድሞ መውረዱን ያረጋገጠ ቡድን ነው። ውጤቱስ? በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጎል ገባበትና 1 ለ 0 ተሸነፈ። በ2022፣ በ2023ና በ2024 በተከታታይ ለማለፊያው ጨዋታ ደርሶ አልተሳካለትም።

ከተማዋም የራሷ ችግር አላት። በ1970ዎቹ የሕዝቧ ቁጥር ከ35,000 በላይ ነበር። የፋብሪካዎቹ ሥራ ሲዳከም፣ ጠባቡ ሸለቆም አላስፋፋ ሲል፣ ብዙ ወጣት ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ክለቡ ይህን ማስቆም አልቻለም። ኳስ ፋብሪካ አይተካም። አክሲዮን የገዙት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም እያንዳንዳቸው የያዙት ድርሻ ጥቂት ነው፤ በየቀኑ ውሳኔ የሚሰጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ "የሁሉም ነው" ስንል ሁሉም እኩል ያዝዛል ማለታችን አይደለም። ማንም ብቻውን "የእኔ ነው" ሊል አይችልም ማለታችን ነው።

ታዲያ መውረዱ የዘመቻው ውድቀት ነው? እኔ አይመስለኝም። የ50 ዩሮ አክሲዮን የገዛው ሰው ላሊጋን አልገዛም። የገዛው ክለቡ ሲወጣም ሲወርድም የከተማዋ ሆኖ እንዲቀጥል ነው። ወረደ፤ ግን አልተሸጠም፣ በዕዳም አልፈረሰም።

ወደ ሰፈራችን ስንመጣ

እናንተም የሰፈር ቡድን አላችሁ። የክፍል ቡድን አላችሁ፣ ሚኒ ሚዲያ አላችሁ፣ ክበባት አላችሁ። እስቲ የሰፈር ቡድን እንዴት እንደሚፈርስ እናስብ። ልጆቹ ሳንቲም አዋጥተው ኳስ ይገዛሉ። ቀጥሎ ለማልያ ይዋጣል። ገንዘቡን አንድ ልጅ ይይዛል፤ ስንት እንደተዋጣ የሚጽፍ የለም። ከዚያ "ገንዘቡ የት ደረሰ?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። ልጁ አልበላውም ይሆናል፤ ግን ማስረጃ የለውም። ኩርፊያ ይመጣል። ኳሱን ያመጣው "ኳሴን ስጡኝ" ብሎ ይሄዳል። ቡድኑ በተጋጣሚ ሳይሸነፍ በራሱ ይፈርሳል። ትስቃላችሁ፤ የምታውቁት ነገር ስለሆነ ነው።

የሰፈር ቡድንና ላሊጋ አይወዳደሩም። ጥያቄዎቹ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ የምትሳተፉበትን ማንኛውንም ቡድን ወይም ክበብ አራት ነገር ጠይቁት።

አንደኛ፣ የማን ነው? ኳሱ የአንድ ልጅ ከሆነ ቡድኑም የእርሱ ነው። አንዱ ብዙ ማዋጣት ቢችል እንኳ ጣሪያ አድርጉለት፤ ኤይባርም በጭንቅ ሰዓት ያን አድርጋለች። አንድ ብር ያዋጣውም ባለቤት መሆኑ ይሰማው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ተጽፏል? አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። የሚይዘው ሌላ፣ የሚጽፈው ሌላ ይሁን። የምታውቁት ዕድር ለዘመናት የቆየው በምን ይመስላችኋል? ዳኛውና ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡም ለየብቻ ስለሆኑ ነው። መጻፍ ማለት ጓደኛን አለማመን አይደለም፤ ጓደኛን ከሐሜት ማዳን ነው።

ሦስተኛ፣ በአቅማችን ነው የምንኖረው? ከሌላው ሰፈር ጋር እኩል ለመታየት ተብሎ በዱቤ የተገዛ ማልያ መጀመሪያ ያደምቃል፣ በኋላ ያጣላል።

አራተኛ፣ ማን ቀርቷል? ሴቶቹ የት ናቸው? በቅርቡ ከገጠር የመጣውስ ልጅ? በእግሩ ላይ ጉዳት ያለበት ልጅ ጸሐፊ ወይም አሰልጣኝ መሆን አይችልም? ማኅበራዊ ካፒታል የሚባለው ነገር በር ዘግቶ የተቀመጠ የጓደኞች ቡድን አይደለም። ብዙ ሰው በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ነው የሚያድገው።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በልባችሁ "ይህች ከተማ ምን አላት፣ ብቻ ጨርሼ ልውጣ" ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም። የኤይባር ልጆችም ብዙዎቹ ሄደዋል። መሄድ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ትንሽ ቦታ መወለድን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። ትልቅ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ቢጎድል አይታወቅም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ግን አንድ ጎበዝ ጸሐፊ፣ አንድ ታማኝ ገንዘብ ያዥ፣ ማለዳ ተነሥቶ የሜዳውን ድንጋይ የሚለቅም አንድ ልጅ ብዙ ነገር ይለውጣል። እስክትሄዱ ድረስ ያላችሁበት ቦታ የእናንተ ነው። ከሄዳችሁም በኋላ አሎንሶና ሲልቫ ለውሰት ክለባቸው እንዳደረጉት መለስ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ።

እንግዲህ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ፣ ወይም ቅዳሜ ሜዳ ስትገናኙ፣ ከመጫወታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ተቀመጡና እነዚያን አራት ጥያቄዎች ተጠያየቁ። ደብተር ከሌላችሁ በዚያው ቀን ግዙ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።